ጀልባ ያስቆመ ግብዣ

ነበዊያ ስትወለድ ያለቀሰችው ለቅሶ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ያሉ ሰዎች «ማን ሞተ?» ብለው በታንኳ መጡ ይባላል። ይሄን የሚያወራው አባቷ ነው። አባቷ ደግሞ ሲያወራ ትንሽ ጨመር ያደርጋል፤ ልጅቷም እሱኑ ነው የወጣችው። ሰውየው በግብፅ፣ ከኢስና ከተማ ወደ ላይ ባለችው በሪሓን መንደር ሰውና ፍየል የሚያሻግር ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ነበዊያ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሆና ዳር ላይ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ ሰብስባ «አባዬ! ማዶ ሦስት ሰው፣ አንድ አህያ!» ስትል ዓባይ ራሱ ዝም ብሎ የሚያዳምጣት ይመስል ነበር።

እንዲህ ያለችውን ልጅ ለማን ዳሯት? ለሀሪዲ! ሀሪዲ ማለት በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ስድስቱ ሰላምታ የሆነ ሰው ነው። ሰርጉ ላይ ሴቶቹ «እሱ ጆሮ ይዞ መጣ፣ እሷ ምላስ፤ አሁን አንድ ሙሉ ሰው ወጣቸው» እያሉ ሲስቁ አመሹ። ተዋደው ኖሩ እንጂ ደግሞ! ሁለት ወንዶች ወለደችለት፤ የበኩሩ ስም ዝናቲ ስለሆነ አገር ምድሩ «ኡም ዝናቲ» ብሎ ይጠራታል፣ የዝናቲ እናት። ከወንዶቹ በኋላ ሸለቢያን ወለደች። ወንዶቹ አድገው ሸንኮራ ሊቆርጡ ራቅ ብለው ሄዱ፤ ቤት የቀረችው ሸለቢያ ናት። ዛሬ የሚወራው ሁሉ የመጣው በሷ ጉዳይ ነው፤ በሷ ጉዳይና በእናቷ አፍ።

ቤታቸው የወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው እንግዲህ ጀልባ ሲያልፍ ዝም አይልም፣ ነውር ነው። ዳር ላይ ያለው «ውረዱ፣ እንብላ!» ይላል። ጀልባው ላይ ያለው «ቤታችሁ ይሙላ!» ብሎ ይመልሳል። ጀልባው ይሄዳል፣ ምሳውም ይተርፋል። ጀልባ ላይ ያሉትም በተራቸው ዳቦ ሲቆርሱ ዳር ላይ የቆመውን «ና፣ ቅመስ!» ይሉታል። ዋኝቶ ይምጣ? አይመጣም። ማንም ማንንም አያስቸግርም፣ ሁሉም ለጋስ ሆኖ ይውላል።

ነበዊያ ግን «እንብላ» ብላ አትበቃም፣ ዝርዝር ውስጥ ትገባለች። ጀልባው ትይዩዋ ሲደርስ የምትጠራው ምስር ነው። ትንሽ ራቅ ሲል ምስሩ ባሚያ በሥጋ ይሆናል። ሸራው ነፋስ ይዞ መታጠፊያው ጋ ሲደርስማ ዝይ ታርዳለች፣ እርግብ ትሞላለች፤ ጀልባው የዝንብ ያህል ሲያክል በግ ትጥላለች።

«የአጎቴ ልጅ፣» አላት ሀሪዲ አንድ ቀን፤ ባልና ሚስት እዚያ እንዲህ ነው የሚጠራሩት፤ «ዛሬ ስንት በግ ታረደ?»

«ሁለት። ነፋሱ ጥሩ ነበር።»

እንግዲህ ሸለቢያ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። ዐዋድ የሚባል ጎረምሳ ወደዳት። እሷስ? እሷማ ከሩቅ ባየችው ቁጥር እንስራ እየሰበረች እናቷን በሸክላ አክስራታለች። ችግሩ የዐዋድ እናት ናት፣ ሀጃ ፊርደውስ። ከሪሓን ሴቶች መካከል መካ የሄደችው እሷ ብቻ ናት። በጀልባ፣ በግመል፣ ከዚያ በመርከብ ነው የሄደችው፤ መንገዱ አልቆ አሥር ዓመት አለፈው፣ ወሬው ግን አላለቀም። አፏን ስትከፍት «ጂዳ ላይ…» ብላ ነው የምትጀምረው። ለልጇ ሚስት ፍለጋ ሦስት ቤት ገብታ ሦስቱንም ጥላ ወጥታለች። አንደኛው ቤት ዳቦው ከሥሩ ጠቆረባት። ሁለተኛው ቤት የውኃው ጋን ሸተታት። ሦስተኛው ቤት ልጅቷ ስትስቅ ድዷ ታየ አለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የወንዱ እናት በተባለው ቀን ትመጣለች፣ ከምግቡ ትበላለች፣ እጇን ታጥባ «በሉ ፋቲሃ ቅሩ» ብላ የቁርኣኑን መክፈቻ ካስቀራች አለቀ፣ ልጅቷ ተሰጠች። ሳትበላ ከተነሳች ደግሞ ልጅቷ «ሀጃ ያልቀመሰችላት» የሚል ስም ወጥቶላት እስክታረጅ ትጠራበታለች። ከሦስቱ አንዷ ከዚህ የተነሣ ማዶ ላለ ሽማግሌ ተዳረች፤ ሸለቢያ ይሄን ስታስብ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች።

ነበዊያ ታዲያ አርባ ቀን ሙሉ አንዲት ዝይ አሰባች። ጠዋትና ማታ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የራሰ ባቄላ በእጇ እያጎረሰች፣ «ብይ የኔ ቆንጆ፣ የልጄ ዕድል አንቺ ነሽ» እያለች። ዝይዋ ወፍራ ወፍራ መራመድ አቃታት፤ ነበዊያን ስታይ ግን ካለችበት ሆና አፏን ትከፍታለች። ስምንት እርግቦችም ተዘጋጁ፣ የእሸት ስንዴ ቅንጬ ሊሞላባቸው። ሸለቢያ ዳቦውን አቦካች፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ኩፍ ሲልላት ጋገረች። ቀጠሮው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ ነው። ወሩ ጥር ነው፣ የፈረንጅ ሴቶች ብርዳቸውን ሸሽተው በጀልባ ወደ ላይ የሚወጡበት ወር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዝይዋ ድስት ውስጥ ትንተከተካለች። ሽታው! የጎረቤት ድመት ሁሉ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። ነበዊያ ደስታው አናቷ ላይ ወጥቶ፣ ማንኪያዋን እንደያዘች ብቅ ስትል ወንዙ ላይ ጀልባ አየች። ጀልባ አይታ ደግሞ ዝም ልትል?

«ውረዱ! እንብላ!» አለች። ዛሬ ምስር ምን ይሠራል? ዛሬ ውሸት የለም። «ዝይ አለ! እርግብ አለ፣ ቅንጬ የተሞላ! የዛሬ ዳቦ አለ! ወላሂ ካልወረዳችሁ አኮርፋለሁ!»

የጮኸችው ሳታይ ነው። ብታይ ኖሮ ሸራው እንደ እርጥብ ቀሚስ ተንጠልጥሏል፤ የነፋስ ሽታ የለም። ጀልበኞቹ ወርደው ጀልባዋን በገመድ እየጎተቱ፣ እየተጋገዙ፣ ከነበዊያ በር አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ደርሰዋል። ገመዱ ረገበ። የጀልባው አለቃ ሪየስ መስዑድ ግንባሩን ጠርጎ ቀና አለ። ይሄ ሰውዬ ዓባይን ሲመላለስ ጢሙ የሸበተ ነው።

«ኡም ዝናቲ!» አላት፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ። «ሃያ ዓመት በዚህች ዳር ሳልፍ፣ ሃያ ዓመት ስትጠሪኝ ኖርሽ። ነፋሱ አላስቆም ብሎኝ እንጂ ልቤ እዚህ ነው። ዛሬ ነፋስ የለም!»

«ቤትህ ነው፣ ሪየስ፣» አለች አፏ። እጇ ግን ማንኪያውን ከጀርባዋ ደበቀ። «ሃያውን ዓመት ባንድ ቀን ልትበላው ነው?»

«በጎቹን ምሬሻለሁ። በዝይዋ እንታረቃለን።»

ይሄ እንኳ ቀልድ ነበር፤ ሰውየው ስቆ ገመዱን ሊያነሳ ነበር። ጉዱን ያመጣችው ጀልባው ላይ የተቀመጠችው ፈረንጅ ናት። ሚስ ሐሪየት ትባላለች፤ ዕድሜዋ አምሳ ገደማ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣዋ የእርግብ ቤት የሚያህል፣ ጃንጥላዋን የማትለቅ። ከጀልባው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አስተርጓሚዋን ቡቅጡርን «ምንድን ነው የምትለው?» ብላ ጠየቀችው። ቡቅጡር የዚያው አገር፣ የቂና ከተማ ልጅ ነው፣ ምን እንደተባለ አሳምሮ ያውቃል።

«ምንም አይደለም እመቤቴ፣ ሰላምታ ነው።»

«ሰላምታ እንዲህ ይረዝማል? በፈጣሪ ስም ስትምል ሰምቻለሁ። ምን ብላ ነው የማለችው?»

«ካልበላችሁ አኮርፋለሁ ብላ ነው፣ ግን…»

«እንግዲያው አታኮርፍም!» አለች ሚስ ሐሪየት። በሷ አገር ሰው ሰው ቤት ለመብላት ከሳምንት በፊት ወረቀት ይላላካል አሉ። አንዲት የማታውቃት ሴት ድስት ከፍታ ምግቡን በስሙ እየጠራች ስትጋብዛት ልቧ ቀልጦ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በሳንቃው ላይ ስትወርድ ቡቅጡር አሥር ምክንያት ቢደረድርም አልሰማችውም። እመቤቲቱ ከወረደች ጀልበኞቹስ ምን ቆርጧቸው ይቀራሉ? ወረዱ።

ነበዊያ እየሮጠች ቤት ገባች። «የአጎቴ ልጅ! ጉድ ሆንኩልህ! መጡ!»

«እነማን?»

«የጠራኋቸው!»

ሀሪዲ አሰበ። ሃያ ዓመት ያልገጠመው ነገር ነው። «እንግዲህ የጠራሻቸው ከመጡ፣» አለ፣ «ምንጣፍ አንጥፊ።»

«አሥራ አራት ናቸው እኮ! ሀጃስ? የልጄስ ነገር? ዝይዋን ደብቅልኝ፣ እኔ ምስር ልስጣቸው!»

«ዝይ አለ ብለሽ ምለሻል። እኔ ሰምቻለሁ። ኢስናም ሰምቷል።»

ባሏ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ስላልሰማች ነገሩ እንዳለቀለት ገባት። ሸለቢያ ከምድጃው ኋላ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ «እማ፣ ለሽማግሌው ሰጠሽኝ» ትላለች።

«ዝም በይ፣ ገና ሀጃ እስክትመጣ ስንት ሰዓት አለ። አንድ ነገር አደርጋለሁ።»

ያደረገችው ነገር ይሄ ነው። ለጀልበኞቹ ምስርና ሽንኩርት፣ ያረጀ አይብ፣ ግማሾቹን እርግቦች አቀረበች። እንግዳዋ ከዝይዋ መቅመስ አለባት፣ ተምሏላ! ስለዚህ የዝይዋን አንገት ከአንድ ክንፍ ጋር አድርጋ፣ ባሚያ ከምራበት፣ በዳቦ አጅባ ሰጠቻት። ደረቱንና ሁለቱን እግር ለሀጃ ብላ ቅርጫት ደፋችበት።

ሚስ ሐሪየት ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ እግሯ የት እንደሚገባ ጠፋት። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ በመጨረሻ ሪየስ መስዑድ «ዘርጊው እመቤቴ፣ ሰፊ ነው» አላት፤ ዘረጋችውና ጫማዋ ጎረቤት ደረሰ። ያንን አንገት በሁለት እጇ ይዛ ስትግጥ ማየት ነበር! በየጉርሻው «ኦ!» ትላለች። ባሚያውን «ኦ!» ዳቦውን «ኦ!» አይቡ ላይ ትንሽ አስነጠሳት፣ እሱንም አመሰገነችው። የመንደሩ ሴቶች በግድግዳው ላይ ከድመቶቹ ጋር ተደርድረው ያያሉ። ነበዊያ ቅርጫቱን በዓይኗ እየጠበቀች ጥርሷ ይስቃል፤ ደግሞም ምግቧ ሲወደድላት ደስ ማለቱ አይቀርም፣ ሰው ናትና «ጨምሪላት!» ትላለች፤ ያለችው ትዝ ሲላት «ባሚያውን ነው ያልኩት!» ትላለች።

ሚስ ሐሪየት እጇን ታጥባ ስታበቃ ከቦርሳዋ ወረቀትና ቀለም አወጣች።

«ምን ልትጽፍ ነው?» አሉ ሴቶቹ።

«ለእህቷ ነው፣» አለ ቡቅጡር፣ እርግብ እየበለተ። «በደረሰችበት የበላችውን ሁሉ ትጽፍላታለች። እህቷ ለሰፈሩ ታነባለች፣ ሰፈሩ ለአገሩ ያወራል። አምና አንድ መንደር ጥሬ ሽንኩርት ብቻ አቀረቡላት፤ ዛሬ የእንግሊዝ አገር ሰው ያንን መንደር በሽንኩርት ነው የሚያውቀው።»

ይሄኔ ነው ሀጃ ፊርደውስ በሩ ላይ የቆመችው። ከቀጠሮው በፊት! ወሬው ቤቷ ድረስ ሄዶ ከምንጣፏ ላይ አንስቷታል። ነጭ ሻሿን ጠቅልላ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ ደፉ ላይ ተገትራ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ጀልበኛ ጣቱን ይልሳል፤ አጥንት እዚህም እዚያም ወድቋል።

«ለኔ ናት የተባለችው ዝይ ይቺ ናት?»

«ሀጃ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ግቢ! አላረፈድሽም፣ የአንቺ…»

«እዚሁ ይበቃኛል። ጂዳ ላይ የተጠራ ሰው ትራፊ አይቀርብለትም። እኔ እዚህ ቤት ውኃም አልቀምስ።»

ከምድጃው ኋላ አንድ እንስራ ተሰበረ። ሀሪዲ ተነስቶ «ሀጃ፣ እንግዶች ናቸው» አለ፤ ከዚያ በላይ ምን ይበል? ሀጃ ሻሿን አስተካክላ ዞረች። በዚህ ሁሉ መካከል የሚስ ሐሪየት ብዕር አላቆመም፣ ጭር ጭር ጭር እያለ። የሀጃ እግር ሄደ፣ ጆሮዋ ግን ቀረ።

«ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው?» አለች ሳትዞር።

ነበዊያ አፏ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቷም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እንዳልሰማ ሰው ወጭቶቹን እየሰበሰበች «ኧረ ምንም አይደለም ሀጃ፣ ሂጂ፣» አለቻት። «ስለ ሪሓን ነው። ባሕር ማዶ የሚሄድ። እንዴት እንደተቀበልናት።»

ሀጃ ዞረች። «አንብብ፣» አለችው ቡቅጡርን።

ሚስ ሐሪየት ይነበብ ሲሏት ደስ ብሏት ወረቀቱን ሰጠችው። ቡቅጡር ጉሮሮውን አጸዳ። «‹ውድ እህቴ፣ ዛሬ አንዲት የማላውቃት ሴት ከነማንኪያዋ ብቅ ብላ ጀልባዬን አስቆመች። ካልበላሽ አኮርፋለሁ ብላ ማለች። እዚህ አገር ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ዝይ ይሠራል መሰለኝ። የዝይ ትልቁ ክብር አንገቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለኔ የተሰጠኝ እሱ ነውና።›»

«አንገት?» አለች ሀጃ።

ነበዊያ ወጭቶቹን መደራረብ ያዘች።

«ባሕር አቋርጣ ለመጣች ሴት፣ አንገት? እኔ ከጂዳ ለባሌ ያስጻፍኩት ደብዳቤ ምን ይላል?» ደብዳቤውን በየበዓሉ ስለምታስነብበው መንደሩ በቃሉ ያውቀዋል። «‹ንዳድ ይዞኝ ከመንገድ ወድቄ፣ ስሟን የማላውቃት ሴት አንስታ ቤቷ አስገባችኝ፤ የበግ ትከሻ በእጇ አጎረሰችኝ› ነው የሚለው! ትከሻ! እስከ ዛሬ ስሰግድ ለዚያች ሴት ዱዓ አደርጋለሁ። ይቺስ አገሯ ገብታ ስለኛ ምን ልትል ነው? አንገት ጋጥኩ? ኡም ዝናቲ፣ እግሩ የት ገባ?»

«እግሩንማ ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት፣ ሀጃ። በቅርጫት ደፍቼ።»

«የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«የኔ ከሆነ አምጪው!»

እንዲህ ብላ ውኃም አልቀምስበትም ያለችውን ደፍ ተሻገረችው። ሁለቱን እግር ከነደረቱ አንስታ ሚስ ሐሪየት ፊት ቁጭ አደረገች። ከዚያ እጅጌዋን ጠቀለለች፤ ሀጃ እጅጌዋን ስትጠቀልል ያየ ሰው መንገድ ይለቃል። «ይሄ ለአሥራ አራት ሰው ምን ይሆናል? ጂዳ ላይ ለሁለት ሰው ነው እንዲህ የሚቀርበው! ዐዋድ! አንተ ዐዋድ! ቤት ያለውን የቱርክ ዶሮ ይዘህ ና!»

ዐዋድ በሩ ሥር ተሸሽጎ ሲያዳምጥ ኖሮ፣ ሮጦ ሄዶ የቱርኩን ዶሮ በብብቱ ይዞ መጣ። ግቢው መሀል ሲደርስ ሸለቢያ ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እጁ ላላ። የቱርኩ ዶሮ ይጠብቅ የነበረው ይሄንኑ ነው! አንዴ ተስፈንጥሮ ሪየስ መስዑድ ራስ ላይ፣ ከዚያ ምስሩ ላይ፣ ከዚያ የቀለሙ ጠርሙስ ላይ። ጀልበኞቹ ሁሉ እየተንጋጉ ተነሱ፣ እርስ በርስ ተጠላለፉ። «ክንፉን ያዘው!» «የኔን ጢም ነው የያዝከው!» ሚስ ሐሪየት ጃንጥላዋን ዘርግታ መንገድ ዘጋችበት፤ ዶሮው ጃንጥላውን አይቶ ሲደነግጥና ወደ ምድጃው ሲዞር፣ ሸለቢያ ነጠላዋን ከፊቷ ገፍፋ ጣል አድርጋበት ተኛችበት።

«ያዝኩት!» አለች፣ ከላባው ውስጥ።

«ቀልጣፋ ናት፣» አለች ሀጃ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲያው ለምድጃው።

ከዚያ በኋላ ያ ማድ ቤት የማን እንደሆነ ተረሳ። ሀጃ ታዛለች፣ ነበዊያ ትሮጣለች። ሽንኩርቱ ወፈረ፣ እሳቱ አነሰ፣ ቅንጬው ጨው ጎደለው። ጨው ጎደለው ለማለት ደግሞ ሀጃ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰችው። ነበዊያ አየች! ምላሷ ጫፍ ላይ አንድ መቶ ቃል መጥቶ ተሰለፈ፤ ከንፈሯን በጥርሷ ያዘችና ሁሉንም ዋጠቻቸው። ሀሪዲ ሚስቱ ዝም ስትል አይቶ አሟት እንደሆነ ጠየቃት።

የቱርኩ ዶሮ እስኪበስል ሚስ ሐሪየት አዲስ ወረቀት አውጥታ ስትጽፍ ቆየች። ሀጃ ላቧን እየጠረገች መጥታ ፊቷ ተቀመጠች። «እስቲ አሁን የጻፈችውን አንብብልኝ።»

ቡቅጡር አነበበ። «‹ቀጥሎ የቤቱ አያት መጡ። ቁመታቸው ረጅም፣ አነጋገራቸው የጦር አለቃ ነው። አንገቱ ለኔ እንደማይበቃ አይተው ቤተሰባቸውን ሁሉ ተቆጡ። አንዱም አፉን አልከፈተም። በእጃቸው አቀረቡልኝ፤ ለኔ ሲሉ ማድ ቤት ገቡ። እህቴ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ስለ እኔ መራብ እንዲህ የተጨነቀ ሰው አላየሁም።›»

ሀጃ የመጨረሻው ላይ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ነካ አደረገች። ከዚያ ባነነች። «ቆይ። የየትኛው ቤት አያት?»

«የዚህ ቤት።»

«እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም! ሰርዝ!»

ሸለቢያ የላባውን ቅርጫት አቅፋ ደርቃለች። ቡቅጡር ብዕሩን ከሚስ ሐሪየት ተቀብሎ ቀለም ውስጥ ነከረ። «እሰርዛለሁ ሀጃ። ግን አያት ካልሆንሽ ማን ልበልሽ? ‹ልጅቷን ልታይ መጥታ፣ አልቀምስም ብላ ያኮረፈች ጎረቤት›?»

«ምን?!»

«እውነቱን ጻፍ ያልሽኝ እንደሆነ…»

ነበዊያ ጠጋ አለች። ስትናገር ድምፅዋ እንዲያ ዝቅ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው። «ሀጃ፣ ልጄን ብትወስጃት ባትወስጃት ያንቺ ነገር ነው፤ አልለምንሽም። ግን ይቺ ሴት እናቷ ትዝ ብላት ነው የጻፈችው። እንዲህ ተብሎ የተጻፈ ይሰረዛል?»

ሀጃ ወረቀቱን አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ያንን መስመር ጣቷን አስጠግታ «ይሄ ነው?» አለች። «እሱ ነው» አለ ቡቅጡር። ሚስ ሐሪየት ምን እንደሚባል ሳታውቅ ፈገግ ብላ የሀጃን እጅ ያዘች።

«ልጅቷ የት አለች?»

ሸለቢያ ወጣች፣ ፀጉሯ ላይ የቱርክ ዶሮ ላባ ተሰክቶ።

«ዳቦውን የጋገርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ሀጃ።»

«ከሥሩ ጠቆር ብሏል።»

«አዎ ሀጃ።»

«አትከራከርም፣» አለች ሀጃ። ከዳቦው ቆረሰች፣ ባሚያው ውስጥ አጠቀሰች፣ ጎረሰች። ረጅም ጊዜ አላመጠች፤ አሥራ አራት እንግዳና አንድ መንደር ሙሉ መንጋጋዋን ያያል። ዋጠች። «ተወው፤ አይሰረዝ።»

«ምኑ?» አለ ሀሪዲ።

«አያትነቱ ነዋ! ምን ይገትርሃል? ፋቲሃ አትቀራም?»

እልልታው! ግድግዳው ላይ ያሉት ሴቶች እልል ሲሉ ድመቶቹ ወደ ወንዙ ተበተኑ። ነበዊያ ዋጥ አድርጋ የያዘቻቸው መቶ ቃላት ሁሉ አንድ ላይ በእልልታ ወጡ፤ ማዶ ያሉ ሰዎች ጨርቅ አውለበለቡ። ዐዋድ የሪየስ መስዑድን ግንባር ሳመ፣ ሪየስ መስዑድ ቡቅጡርን፣ ቡቅጡር የሚስማት ሲያጣ የቱርኩን ዶሮ ድስት አቀፈ። ሚስ ሐሪየት ስታጨበጭብ ስታጨበጭብ ቆይታ፣ ቁጭ ብላ ጻፈች። ምን አለች ቢባል፣ «እዚህ አገር የቱርክ ዶሮ ሲበስል ቀሳውስቱ ይጸልያሉ፣ ሴቶቹ ይዘምራሉ» አለች። ያንን ማንም አላረማትም፣ ጊዜም አልነበረም፤ ምግቡ ቀረበ።

በልተው ሲያበቁ ሀጃ ቡቅጡርን አጠገቧ አስቀመጠችው። «ከታች ጨምርልኝ። የቱርኩ ዶሮ የሀጃ ፊርደውስ ነው በል። ጻፍክ? ደግሞ ለእህቷ ሰላም በልልኝ። ብቻዋን እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ትሠራለች? ትምጣ በል። ቤታችን ትምጣ።»

ነበዊያ «ቤታችን» ስትል ሰምታ የሀጃን ጉልበት ቆነጠጠች። «ሀጃ፣ እህትየዋ ሰባት ልጆች አሏት እኮ አሉ።»

ሀጃ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፣ በአሥራ አራት ሰው ሞልቷል። «እንግዲያው ይጠባል፣» አለች። «ሀሪዲ፣ ያኛውን ግድግዳ ነገ አፍርሰው።»

ሀሪዲ ግድግዳውን አየ፣ ሀጃን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ ዶማውን ሊያመጣ ተነሳ።